የበግ ሳንባና ጉበት በጥሬው ለውሻ ስለ መጣል
(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።)



የዛሬው አጀንዳችን የውሻ ነገር ነው። የመንገዱና የቦዩ ጉዳይ ተንጠልጥሎ እያለ ስለ ውሻ ልናወራ ነው ወይ የምትሉ እንደማትጠፉ እናውቃለን። ባለፈው ሳምንት አንድ አባት በር ላይ አቁመው ይህንኑ ጠይቀውናል። የቦዩ ጉዳይ በሌላ ቀን ይቀርባል። ይኼኛው ግን በዓል ሳይደርስ መነገር ያለበት በመሆኑ አስቀድመነዋል። ምክንያቱም የምንነጋገረው በግ በታረደ ዕለት ለውሻ ስለሚወረወረው ሳንባና ጉበት ነው።

እንደሚታወቀው መካነ ሰላም ውስጥ ውሻ ያለበትን ግቢ ከመቁጠር የሌለበትን መቁጠር ይቀላል። አገሩ ደጋ ነው፤ ጅብ አለ፤ ሌባም አይጠፋም። ውሻው ቀን ታስሮ ይውላል፤ ማታ ይፈታል፤ ለዚህ ሥራው የሚከፈለውም የእንጀራ ትራፊ፣ አተላና የተጋጠ አጥንት ነው። ለውሻዬ ብሎ ሥጋ የሚገዛ ሰው በሰፈራችን የለም፤ ቢኖርም አይናገርም። በሁዳዴ ጾምማ የክርስቲያኑ ቤት ውሻ ሳይወድ ይጾማል። ሥጋ የሚያገኘው በዓመት ውስጥ በጣት በሚቆጠሩ ቀናት ነው፤ ለዘመን መለወጫ፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለዒድ፣ ለአረፋ፣ እንዲሁም ለሠርግና ለተዝካር። በዚያን ዕለት ታዲያ ከበጉ ለሰው የማይሆነው ሁሉ፣ በተለይ ሳንባው፣ ደግሞም ነጭ ነገር የታየበት ጉበት፣ ገና ደሙ ሳይደርቅ ለውሻው ይጣላል። ውሻው አየር ላይ ይቀልበዋል፤ ልጆች ይስቃሉ። በዚህ በኩል ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ነን።

እስቲ በየግቢው ሥጋ የምታወጡ ሰዎች አስታውሱ። የበግ ሳንባ ወይም ጉበት ላይ አንዳንድ ጊዜ ነጣ ያለ፣ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይገኛል። መጠኑ እንደ አተር ፍሬ የሆነ አለ፤ እንደ ዶሮ እንቁላል የሆነ አለ፤ ከዚያም የሚበልጥ አለ። ቢላዋ ሲነካው ጥርት ያለ ውሃ ፊን ብሎ ይወጣል። “ይኼስ ለሰው አይሆንም” ይባልና ወደ ውሻው ይሄዳል። በደሴና በኮምቦልቻ ቄራዎች የሥጋ መርማሪዎች በዚሁ እብጠት ምክንያት ሳንባና ጉበት እንደሚያስወግዱ በልዩ ልዩ ጊዜ በተደረጉ ጥናቶች ተጽፏል። እዚያ መርማሪ አለ። በየግቢያችን ስናርድ ግን መርማሪዎቹ እኛው ነን፤ ፍርዳችንም ሁልጊዜ “ለውሻ ይሰጥ” የሚል ነው።

ይህ ውሃ ተራ ውሃ አይደለም። በውስጡ በዓይን የማይለዩ ብዙ የትል እጮች አሉበት። ውሻው ሲውጠው አንጀቱ ውስጥ ይጣበቁና ያድጋሉ። ሲያድጉም ርዝመታቸው ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም። በአንድ ውሻ ሆድ ውስጥ ሺዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ውሻው ግን አይከሳም፣ አያስቀምጠውም፣ መጮሁንም አይተውም። “የኔ ውሻ ደህና ነው” የምንለው ለዚህ ነው። ሥጋውን ከበላ ከስድስት እስከ ሰባት ሳምንት በኋላ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር መውጣት ይጀምራል።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። ኮሶን የማያውቅ የወሎ ሰው አለ ወይ? ሰው ጥሬ የበሬ ሥጋ ይበላል፤ ኮሶ ይይዘዋል። ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ሣር ላይ ይቀራል፤ ከብቱ ይግጠዋል፤ ሥጋው ውስጥ ይቋጠራል፤ ዞሮ ተመልሶ ሰው ይበላዋል። አያቶቻችን በየጊዜው የኮሶ አበባ እየጠጡ ሲሽሩት የኖሩት ነገር ነው። የውሻውም እንደዚሁ ነው። ውሻው በሰው ቦታ፣ በጉ በከብቱ ቦታ ይቆማሉ። ውሻው ጥሬ ሳንባ ይበላል፤ እንቁላሉን ሣር ላይ ይጥላል፤ በጉ ሣሩን ይግጣል፤ በበጉ ሳንባና ጉበት ላይ ያ ውሃ ይቋጠራል፤ እኛ ደግሞ አርደን መልሰን ለውሻው እንሰጣለን።

የሚያስፈራው ቀጥሎ ያለው ነው። ከውሻው የወጣው እንቁላል በግና ሰው አይለይም። ልጅ በእጁ ከአፈር፣ ከውሻው ጠጉር ወይም ካልታጠበ ጎመን ጋር ከዋጠው ልጁ በበጉ ቦታ ቆመ ማለት ነው። ያው ውሃ የቋጠረ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ በጉበቱ ላይ፣ ካልሆነም በሳንባው ላይ ያድጋል። ዕድገቱ ዝግ ያለ ነው፤ ብዙ ዓመት ይፈጃል። በልጅነቱ የያዘው ሰው ጎልምሶ፣ ልጆች ወልዶ ሆዱ በቀኝ በኩል ሲያብጥ፣ ወይም ሳል አልለቅ ሲለው ነው የሚያውቀው። ያን ጊዜ ሕክምናው ለወራት የሚወሰድ ክኒን ወይም ቀዶ ጥገና ነው። እብጠቱ ሆድ ውስጥ ከፈነዳም ሕይወት ያሰጋል። ለአንድ በግ ሳንባ ብለን ነው ይህ ሁሉ፤ ሳንባውን እኮ ራሳችን እንኳ አንበላውም!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ፤ ምክንያቱም በሌላ ስብሰባ ይህ ሲነገር አንዳንድ እናቶች ደንግጠው ሄደዋል። ሰው በዚህ በሽታ የሚያዘው ከውሻ በሚወጣው እንቁላል ነው። ያ እብጠት የነበረበትን ጉበት በመብላት ይህ በሽታ አይያዝም። ስለዚህ ዱለት የበላችሁ ሰዎች በዚህ በኩል አትጨነቁ። እጃችሁን ሳትታጠቡ፣ ውሻ የላሰውን ድስት አለቅልቃችሁ ብቻ የምትጠቀሙ ግን ልትጨነቁ ይገባል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ውሻ አፉን ያስገባበትን ዕቃ ሰባት ጊዜ እንደሚያጥቡ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንደኛው በአፈር ነው። እኛ ክርስቲያኖቹ ሰባት ጊዜ ባናደርስ እንኳ በሙቅ ውሃና በሳሙና በደንብ እንጠበው። ውሻ ድስት እንዲልስ መስጠቱማ ጭራሹኑ ቢቀር ይሻላል።

በዝግጅቱ ጊዜ አንድ አባላችን ጥሩ ጥያቄ አንሥቷል። “እኛ ራሳችን ቁርጥ እየበላን ለውሻ ጥሬ አይሰጠው ማለት ምን ማለት ነው?” አለን። ቤቱ ሳቀ፤ ነገር ግን መልስ ይገባዋል። አንደኛ፣ ቁርጥ የሚበላ ሰው ኮሶ ይዞት መድኃኒት ይወስዳል፤ ውሻው ግን ሐኪም ጋ አይሄድም። ሁለተኛ፣ ቁርጡ ቀይ ሥጋ ነው፤ ለውሻው የምንጥለው ግን ትሉ የሚቀመጥበትን ሳንባና ጉበት ለይተን ነው። ሦስተኛ፣ እኛ ለራሳችን ደህናውን መርጠን፣ የታመመውን ለውሻ እንሰጣለን። ጥያቄው ጥሬ ከበሰለ የማወዳደር ብቻ አይደለም ማለት ነው። በውጭ አገር ውሻን በጥሬ ሥጋና በአጥንት መመገብ ይሻላል ብለው የሚከራከሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ኢያን ቢሊንግኸርስት የተባለ የአውስትራሊያ የእንስሳት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1993 ስለዚሁ መጽሐፍ ጽፎ ብዙ ተከታይ አግኝቷል። የሚቃወሙት ሐኪሞችም አሉ፤ ጥሬ ሥጋ ለውሻውም ለቤተሰቡም ተቅማጥ የሚያመጡ ተሐዋስያን ይዞ ይገባል ይላሉ። የሆነው ሆኖ እነሱ የሚከራከሩበት ሥጋ ተመርምሮ፣ በበረዶ ደርቆ የተሸጠ ነው። የእነሱ ክርክር የእኛን ግቢ አይመለከትም።

አጥንት ላይ ጠብ የለንም። የበግና የበሬ ትልቅ አጥንት ሥጋው ከተጋጠ በኋላ ለውሻ ቢሰጥ ይህን ትል አያመጣም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ግን እንደ እንጨት ስንጣሪ ስለሚሰነጠቅ ጉሮሮውንና አንጀቱን ይወጋዋል፤ እሱ ይቅር።

አሁን ደግሞ በግ ያላችሁ ሰዎች ጆሯችሁን ስጡን፤ ምክንያቱም ይህ በቀጥታ ኪሳችሁን ይነካል። አዙሪትን የማያውቅ በግ አርቢ በቦረና፣ በሳይንትም ሆነ በለጋምቦ የለም። ደህና የነበረ ጠቦት ከመንጋው ይለያል፤ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ያዘማል፤ በአንድ ቦታ ይዞራል፤ ግድግዳ ይገጫል፤ ዓይኑ ይፈዛል፤ በመጨረሻ ይወድቃል። አንዳንዱ ዓይን ነው ይላል፤ አንዳንዱ የበላው ሣር ነው ይላል። በብዛት የሚያዙት ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። ምክንያቱ የውሻው ሌላ ኮሶ ነው። ውሻው ጣል ያደረገውን እንቁላል በጉ ይግጠዋል፤ እጩ ወደ ናላው ይወጣና እዚያ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። ከረጢቱ ሲያድግ ናላውን ይጫነዋል፤ በጉም ይዞራል።

ታዲያ እኛ ምን እናደርጋለን? በጉ ሳይሞት እንደርስበትና እናርደዋለን። ይህ ተገቢ ነው። ከዚያ ጭንቅላቱን እንፈልጠውና ለውሻ እንሰጣለን። ያንን ከረጢት ከነውሃው ለውሻው አጎረስነው ማለት ነው! በአንድ ከረጢት ውስጥ ብዙ የትል ራሶች አሉ፤ እያንዳንዱም በውሻው አንጀት ውስጥ አንድ ትል ይሆናል። ውሻው ከእረኛው ጋር ወደ ግጦሽ ይወጣል፤ ከርሞም ሌሎች ጠቦቶች ይዞራሉ። በዚህ ጉዳይ ብዙ ደክመን መመራመር የለብንም፤ በአዙሪት የታረደ በግ ጭንቅላት በማንኛውም ምክንያት ለውሻ መሰጠት የለበትም። ይቃጠል፤ ወይም በጥልቀት ይቀበር።

ይህን ነገር አሸንፈው ያሳዩ አገሮች አሉ። አይስላንድ የምትባል በሰሜን በኩል ያለች ቀዝቃዛ የበግ አገር፣ ሕዝቧ በዚያ የጉበት እብጠት ክፉኛ ይሠቃይ ነበር። ሃራልድ ክራቤ የተባለ የዴንማርክ ተወላጅ ነገሩን መርምሮ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፏም እ.ኤ.አ. በ1864 ታትማ ለየቤቱ ታደለች። የታረደውን ውስጥ ዕቃ ለውሻ አትስጡ፣ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ የሚል ነው ዋናው ቁም ነገሯ። ያን ጊዜ የዛሬው መድኃኒት አልነበረም፤ ሰዎቹ ግን እያንዳንዱ በየቤቱ ተግባራዊ ስላደረገው በሽታው በጊዜ ብዛት ከአገሪቱ ጠፋ። ኒውዚላንድም እ.ኤ.አ. በ1959 በሕግ ደነገገችው፤ ከብዙ ዓመት ሥራ በኋላም በ2002 ከበሽታው ነጻ ለመሆን መብቃቷን አስታወቀች። እኛ ከአይስላንድ የምናንሰው በምንድን ነው? በጉም አለን፣ ብርዱም አለን፣ ውሻውም አለን።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ።

ሳንባና ጉበቱን ለውሻ መስጠት የፈለገ ሰው ይቀቅለው። ውሃው ከፈላ በኋላ 30 ደቂቃ ሲንተከተክ እጩ ይሞታል፤ ይህ በበግ ጉበትና ሳንባ ላይ ተሞክሮ የተረጋገጠ ነው። ሳንባ ድስት ላይ ስለሚንሳፈፍ ቆራርጦ መጨመርና እያገላበጡ ማብሰል ነው። ለብ ማድረግ፣ ፍም ላይ ጣል አድርጎ ማንሣት አይበቃም። ለዚህ የሚሆን የራሱ ድስት ይኑረው፤ የቤቱ ወጥ ድስት አይሁን። እንጨት ተወዷል የሚለውን አቤቱታ እኛም እንሰማለን፤ እኛም ከዚያው ገበያ ነው የምንገዛው። ስለሆነም አራት አምስት ጎረቤት የሆነ ሰው በበዓሉ ዕለት በጋራ በአንድ ትልቅ ብረት ድስት ቀቅሎ እንዲካፈል አሳስበናል። ሁለት ሰፈሮች ይህን እንሞክራለን ብለዋል። ውሻው በሰለ ብሎ አይቀየምም፤ እንዲያውም መረቁን በቂጣ ብታርሱለት ለሁለት ቀን ይበቃዋል።

መቀቀል የማይሆንለት ሰው ይቅበር። ነገር ግን አፈር ጣል ማድረግ መቅበር አይደለም። ውሻ ይቆፍራል፤ ጅብም ይቆፍራል። ጉድጓዱ ቢያንስ የቆመ ሰው ወገብ ድረስ መጥለቅ አለበት፤ ከላዩም ድንጋይ ይጫንበት፤ እሾህ ይደረግበት። ከምንጩና ከጉድጓድ ውሃው ይራቅ።

ስለ መድኃኒቱም ተጠይቀናል። ለውሻ ኮሶ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ፤ መጠኑ በውሻው ክብደት ስለሚወሰን የእንስሳት ሐኪሙን ጠይቁ። ለልጆች የተገዛውን የወስፋት ክኒን ለውሻ ማጉረስ ለዚህ አይረዳም። ወጪው ከባድ የሆነበት ሰው ቢያንስ ጊዜውን ይምረጥ። ከላይ እንደተገለጸው እንቁላሉ የሚወጣው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። እንግዲህ በፋሲካ ጥሬ ሳንባ የበላ ውሻ፣ ክረምቱ ሲገባና ጎመኑ ሲለመልም እንቁላል መጣል ይጀምራል። በዓሉ ባለፈ በአንድ ወር ውስጥ መድኃኒቱን ከሰጣችሁት ትሉ እንቁላል ሳይጥል ይሞታል። መድኃኒቱን በሰጣችሁት ዕለትና በማግስቱ ውሻው ታስሮ ይዋል፤ ዓይነ ምድሩም ይቀበር። እንቁላሉ እንደኛ ባለ ብርዳማና እርጥብ መሬት ላይ ለብዙ ወራት ሳይሞት ይቆያልና።

ይህ የሥጋ ነገር ሌላም መዘዝ አለው። የታረደ ነገር ትራፊ ሜዳ ላይ ሲጣል ባለቤት ያለውም የሌለውም ውሻ ይሰበሰባል፤ ይናከሳል። የእብድ ውሻ በሽታ የሚዛመተውም በዚሁ ንክሻ ነው። በዚህ ላይ ሁላችሁም ብዙ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ አናስረዝመውም። ሰው ሲነከስ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ነው። ጸበሉንም ዱዓውንም ማንም አይከለክላችሁም፤ ግን ክትባቱ ይቅደም። ምክንያቱም ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ሉዊ ፓስተር የመጀመሪያውን ልጅ የከተበው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በጊዜው የደረሰ ሰው ይተርፋል። ሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋውን የድሮውን መርፌ ፈርታችሁ የምትቀሩ ካላችሁ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬ የሚመክረው ክንድ ላይ በጥቂት ጊዜ የሚሰጥ ነው። ነካሹን ውሻ ደግሞ ወዲያው ገድላችሁ አትጣሉ፤ ከተቻለ አስራችሁ 10 ቀን ተከታተሉት። ተነካሹ ግን የ10 ቀኑን ውጤት አይጠብቅ።

በስብሰባው ላይ “ለምን መርዝ በሥጋ አድርገን የሰፈሩን ውሻ አንጨርሰውም?” የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ብዙ አጨቃጭቋል። እኛ አልተቀበልነውም። የተመረዘ ሥጋ የባለቤቱን ውሻ ከባለቤት አልባው አይለይም፤ ልጅ ያገኘዋል፤ ጥንብ አንሣ ይበላዋል። ቦታውን ደግሞ ያልተከተበ ሌላ ውሻ ከገጠር መጥቶ ይይዘዋል። ከ10 ውሾች 7ቱ ከተከተቡ በሽታው መዛመቱን ያቆማል፤ እኛ የምንከተለው ይህንን ነው። በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ በኩል ዘመድ ያላችሁም ንገሩልን። ያልተከተበ ውሻ ከእረኛ ጋር ወደ ደንቆሮ ጫካ ሲገባ ቀይ ቀበሮውን ይጨርሰዋል። በባሌ እ.ኤ.አ. በ2003 በዚሁ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎች አልቀዋል። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የሌለ እንስሳ ነው።

ስለዚህ በስብሰባው ብዙ ሰው እጁን ያወጣበት ውሳኔ ይኼ ነው፤ ከሚመጣው በዓል ጀምሮ ጥሬ ሳንባ፣ ጉበትና ጭንቅላት ወደ መንገድም ወደ ውሻም የሚጥል ሰው አይኖርም። ቅጣት ይጣል ያሉ ነበሩ፤ ለጊዜው አልተስማማንበትም፤ በመጀመሪያው በዓል እናየዋለን ተብሎ ታልፏል። የጋራው ጉድጓድ ከሰፈሩ በታች ባለው ክፍት ቦታ ይቆፈራል። ከበዓሉ በፊት ባለው ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከየቤቱ አንድ ሰው ይውጣ። ዶማና አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ድንጋይ ያቀብላል። ውሻችሁን ግን እቤት አስራችሁ ኑ።